የውሉ ሁለተኛ ገጽ

ሹፌሩ በራችንን ሲደበድብ ገና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። አንዱን ጫማ አጥልቄ ሌላውን በእጄ እንዳንጠለጠልኩ ወጣሁ።

"ነይ እህቴ፣ ፍጠኝ። ኃላፊው እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ነው ያሉት" አለኝና የጥቁሯን መኪና የኋላ በር ከፈተ።

መኪናዋ መጋረጃ አላት። እንዲህ ያለች መኪና ሰፈራችን የምትመጣው ሰው ልትወስድ ነው፤ ስለዚህ በየመስኮቱ የሚያጮልቅ ዓይን አየሁ። ይበላቸው፣ ይደንግጡ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት። እማዬ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እስከ አጥሩ በር ተከተለችኝ።

"ዛሬ ያልቃል?"

"ዛሬ ይፈርማሉ እማዬ።"

"እና ልጄን ይለቁታል?"

"ይለቁታል" አልኳት አፌን ሞልቼ። ለምን አልላት? ማታ በገዛ እጄ ጽፌው ነው የመጣሁት።

መኪናዋ ባዶውን አስፋልት እየጠረገች ስትበር ሁለተኛውን ጫማዬን አጠለቅኩ። አገራችንን የሚገዙት ማርሻልና የባላጋራችን አገር ፕሬዚዳንት የቦምብ ሙከራ ለማቆም አንድ ሕንፃ ውስጥ ተዘግተው ሲነጋገሩ አሥራ ሁለት ቀናቸው ነው። ሲነጋገሩ መባሉ ነው እንጂ የሚነጋገሩት ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ፎቶ ይነሳሉ፣ እጅ ይጨባበጣሉ፣ ምሳ ይበላሉ። እኔ የጽሕፈት ክፍሉ ዋናዋ ታይፒስት ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጣቴን የጨረስኩበት ቤት ነው። ያን ውል አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። በሕልሜም ጽፌዋለሁ። ዋናው ነገር ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ "ሁለቱ መንግሥታት በአየር ላይ፣ በውሃ ውስጥ፣ በምድር ውስጥ የሚደረገውን ማንኛውንም የኑክሌር ሙከራ ለዘለዓለም ያቆማሉ" ይላል። "ለዘለዓለም" የምትለዋ ብቻ ሦስት ቀን ፈጅታለች።

ወንድሜ ያለው "በምድር ውስጥ" በምትለዋ ውስጥ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እማዬ በስተርጅናዋ የወለደችው፣ እኔ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት። ለወታደርነት ተጠራ ተባለና መቆፈሪያ አስጨብጠው ስሙ የማይጠራ ተራራ ውስጥ ከተቱት። ተራራውን ይቦረቡራሉ፣ ቦምቡን ሆዱ ውስጥ ያስገባሉ፣ አፉን ደፍነው ያፈነዳሉ፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ ጎኑ መቦርቦር ይጀምራሉ። ባለፈው በፈቃድ መጥቶ ሲመለስ ትራሱ ላይ እፍኝ ሙሉ ጸጉር ትቶ ሄደ። አፍንጫው እየደማ "አቧራ ነው፣ አታካብጂ" ይለኛል። ሐኪም ሊያየው አይችልም፣ ምስጢር ነዋ። ደንቡ ቆፋሪ ሥራው ሳያልቅ አይሰናበትም ይላል፤ ይህንንም ደንብ የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ገና እሱ ትምህርት ቤት እያለ። ውሉ ከተፈረመ ግን ተራራው ይዘጋል፣ የሚቆፈርም የለም። አሥራ አንዱንም ጊዜ ስጽፈው እሱን ከዚያ ጉድጓድ በገመድ የምጎትተው ይመስለኝ ነበር።

የጽሕፈት ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከትልቁ አዳራሽ ጎን ነው፤ በመሃል ያለው አንድ የመስተዋት በር ብቻ ነው። አራት ጠረጴዛ፣ አራት የጽሕፈት መኪና፣ አንድ ብረት ሣጥን፣ ኋላ የሚቃጠል የተበላሸ ወረቀት የሚጠራቀምበት ጆንያ። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ መሃል ቆሟል። እሱ በሌለበት "ባለጥብጣቡ" ነው የምንለው፤ የውል ወረቀት ተበስቶ ጥብጣብ ሲገባበትና ሰሙ ሲንጠባጠብበት ከሱ በቀር ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል።

"በወፍራሙ ወረቀት፣ አምስቱንም ገጽ። ፊርማው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ራዲዮኑ በቀጥታ ያስተላልፋል" አለና የማታውን ጽሑፌን መለሰልኝ።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀይ እርሳስ ተሰምሮበታል። "በምድር ውስጥ" የምትለዋ ላይ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩ። ታይፒስት አይጠይቅም፤ ከአፌ አመለጠኝ።

"ቀርቷል።"

"እንዴት ይቀራል? ማታ እኮ ነበረ።"

ሌላ ቀን ቢሆን ገሥጾ ያስቀምጠኝ ነበር። ድካም አለዝቦታል መሰለኝ መለሰልኝ። "የምድር ውስጡን ከሩቅ ማወቅ አይቻልም፣ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። እነሱ በዓመት ሰባት ጊዜ ገብተን እንይ አሉ። የኛዎቹ ከሦስት ጊዜ በላይ እግራቸው አይረግጥም አሉ። ሌሊቱን በዚሁ ሲጨቃጨቁ አድረው በመጨረሻ ይቅር ተባለ።"

"በሦስትና በሰባት መካከል እኮ አምስት አለ።"

"አንቺ ጻፊ" አለኝ።

አምስት አለ። ሽንኩርት ግዛ ተብሎ የተላከ ሕፃን ያውቀዋል፤ ባለሱቁ ሰባት ሲለው ሦስት ይላል፣ አምስት ላይ ተስማምተው ሽንኩርቱን ይዞ ይገባል። ለእነዚህ ግን ሰባት የአንዱ ክብር ነው፣ ሦስት የሌላው ክብር ነው። ዝቅ ያለ እንደሆነ ተሸነፈ ይባላል፤ ከፍ ያደረገ እንደሆነ አገሩን ሸጠ ይባላል። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ስንት አዋቂ፣ ስንት ሽበታም ተሰብስቦ አራት ቁጥር ማጥበብ አቃተው። ቆሽቴ አረረ። ወረቀቱን አስገብቼ መምታት ጀመርኩ።

እዚህ ላይ የምላችሁን እመኑኝ፣ ሆን ብዬ አልነበረም። የኛ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይገባዋል። አንድን ነገር አሥራ አንድ ጊዜ የጻፈ ጣት ዓይን አይጠብቅም፤ ራሱ መንገዱን ያውቃል። በወፍራሙ ወረቀት ላይ ፍቆ ማስተካከል የሚባል ነገር የለም፣ አንዲት ፊደል ከሳትኩ ገጹ ወደ ጆንያው ነው፤ ስለዚህ ጭንቅላቴን ትቼ ጣቴን ነው የማምነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ደግሞ እንባዬ መጥቶ ዓይኔን ጋርዶኝ ነበር። እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ቀና ብዬ ጣራ ጣራውን እያየሁ ነው የጨረስኩት።

ሁለት ሰዓት ላይ ንባብ ተቀመጥን። አራሚያችን ጋሼ ናቸው። ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው፤ ቤቱ በሙሉ "አራት ነጥብ" ይላቸዋል። ምክንያቱም እሳቸው ሲያነቡ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም ጮክ ብለው ያነባሉ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሲያነቡ ኖረው አሁን ባለቤታቸውንም "ደህና እደሪ፣ አራት ነጥብ" ይሏታል እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ጡረታቸው ስምንት ወር ቀርቶታል። ሥራው እንዲህ ነው፤ እሳቸው የጸደቀውን ጽሑፍ ያነባሉ፣ እኔ አዲሱን ወረቀት በዓይኔ እከተላለሁ፣ በገጹ መጨረሻ ሁለታችንም "ይስማማል" እንላለን።

"ሁለቱ መንግሥታት በአየር ላይ ነጠላ ሰረዝ፣ በውሃ ውስጥ ነጠላ ሰረዝ፣ በምድር ውስጥ የሚደረገውን ማንኛውንም..." እያሉ ጋሼ ሄዱ።

እኔም ተከተልኩ። ቀዩ መስመር ፊታቸው ነበር። ግን እሳቸውም አሥራ አንድ ጊዜ አንብበውታል፤ ዓይናቸው ግድግዳው ሰዓት ላይ ነበር፣ ምላሳቸው ደግሞ እንደኔ ጣት መንገዱን ያውቃል። የኔ ጆሮም የለመደውን ስለሰማ ምንም አልቆረቆረው።

"ይስማማል" አሉ።

"ይስማማል" አልኩ።

ያየሁት በኋላ ነው። ባለጥብጣቡ መብሻውን ሊያመጣ ሲሄድ አምስቱን ገጾች ጠርዛቸውን እኩል ሳደርግ ዓይኔ ሁለተኛው ላይ አረፈ። በምድር ውስጥ። ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ሰዓቱን አየሁ፤ ለሦስት ሰዓት ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይቀራል። አንድ ገጽ የሚፈጅብኝ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። መናገር እችል ነበር፣ ጊዜ አልነበረም አልልም።

አልተናገርኩም።

የተማመንኩበትን ልንገራችሁ፣ ትስቁ እንደሆነ ሳቁ። በዚህ ቤት የተፈረመ ወረቀት አይነካም። ከሰባት ዓመት በፊት የወንዙ ድልድይ የሚመረቅበት ቀን ተሳስቶ ተጽፎ፣ ማርሻሉም ሳያዩት ፈርመውበት ነበር። ቀኑን የሚያስተካክል ወንድ ጠፋ። ድልድዩ በተጻፈው ቀን ተመረቀ፤ ወለሉ ገና አልደረቀምና ማርሻሉ በሳንቃ ላይ ነበር የተሻገሩት። ፊርማቸው ያረፈበትን ነገር ተሳስቷል ማለት እሳቸው ተሳስተዋል ማለት ነው፤ እንደዚያ ያለ ሰው ደግሞ ያችው መጋረጃ ያላት መኪና ትመጣበታለች። ስለዚህ እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ይፈርሙ እንጂ፣ አንዴ ይፈርሙበት እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ አፉን ይከፍታል? ወንድሜ ወጣ ማለት ነው።

ባለጥብጣቡ መጣ፣ በሳ፣ ሰማያዊውን ጥብጣብ አስገብቶ አሰረ፣ ሰሙን አንጠባጥቦ ማኅተሙን ተጫነበት። ልጁን የሚድር አባት መስሎ ነበር። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሰሙ እስኪደርቅ እፍ እልለታለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ፊርማውን በመስተዋቱ በር አየነው። ጋሼና እኔ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን። መብራቱ፣ ካሜራው፣ የራዲዮኑ ሽቦ ወለሉን ሞልቶታል። ሁለቱ ተቀምጠው እኩል እንዲታዩ ተደርጓል፤ የነሱ ፕሬዚዳንት ረጅም ስለሆኑ የሳቸው ወንበር እግር ሁለት ጣት ተቆርጧል። በእሱ ለመስማማት ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። ማርሻሉ ሲቀመጡ የደረታቸው ሜዳይ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታው፣ የራዲዮኑ ሰውዬ ፊቱን አጨማደደ። ደንቡ የየገጹ ጥግም ይፈረምበት ይላል፤ መብራቱ ስላሞቃቸው ይሁን ግብዣው አስቸኩሏቸው፣ ሁለቱም አምስተኛውን ገጽ ብቻ ፈርመው ብዕራቸውን አስቀመጡ። አንዳቸውም አላነበቡም። በኛ ቋንቋ የተጻፈው ተፈረመ፣ በነሱ ቋንቋ የተጻፈው ተፈረመ፣ ተለዋወጡ፣ ተቃቀፉ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

"ከዛሬ ጀምሮ የሰው ልጅ በሰላም ይተኛል" አለ የራዲዮኑ ሰውዬ።

እያለቀስኩ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ጋሼ የደስታ መስሏቸው መሐረባቸውን ሰጡኝ። የደስታም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሌላ ሰው ቃል ስጽፍ ኖሬ ያን ቀን ብቻ የራሴን ቃል ያስፈረምኩ መሰለኝ፤ ኩራት ቢጤ ሁሉ ተሰማኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ቆየ። አንድ ሰዓት ከሩብ ወንድሜ ነፃ ነበር።

ከዚያ መነጽራሟ ሴትዮ መጣች። የነሱ አራሚ ናት፣ ቋንቋችንን ከኛ አስተካክላ የምትናገር፣ ጸጉሯን ጥፍር አድርጋ የምታስር ሴት። እንደ ደንቡ ሁለቱ ጽሑፎች የሚመሳከሩት ከፊርማ በፊት ነው፤ በጥድፊያው ተዘለለ። እሷ ግን ሥራዋን ሳትጨርስ ምሳ የማትበላ ዓይነት ናት መሰለኝ። ሰማያዊውን ጥብጣብ እንዳንጠለጠለች ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠችው።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች። "ሁለተኛው ገጽ ላይ በእኛ ጽሑፍ የሌሉ ሁለት ቃላት አሉ።"

ይህን ስትል ያየችው እኔን ነው። ክፉ አስተያየት አልነበረም። ሳስበው እሷም እንደኔ የለመደ ጣት አላት፣ ታውቃለች። ግን አልማረችኝም፤ እኔም ብሆን አልምራትም ነበር፣ የለመድነው ሥራ ነው።

ባለጥብጣቡ አነበበ። ፊቱ እንደ ወረቀቱ ነጣ። አሁን ይፈራል፣ አሁን "እንተወው፣ ማን ያየዋል" ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

"ማን ነው ያነበበው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ ብድግ ብለው። ገጹን ተቀብለው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ከቀዩ መስመር ጋር አስተያዩት። "አዎን። እኔ ነኝ ያሳለፍኩት።"

"የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንቺን በኋላ። እርስዎ ኮትዎን ይውሰዱ፤ ቁልፉን ለጥበቃው ይስጡ።"

ጋሼ አልተከራከሩም። ኮታቸውን ከማንጠልጠያው አውርደው አንዱን እጅጌ ሁለት ጊዜ ሳቱት። "በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም ነበር" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ይቅርታ የሚጠይቁኝ ይመስላሉ። "ልጄ፣ በኔ ጦስ አንቺንም እንዳይነኩሽ።"

ጋሼ፣ እኔ አይቼው ነበር፤ ከፊርማው በፊት ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነበረኝ፤ ይህን ብላቸው ኖሮ ቢያንስ ዓይናቸው እንዳልከዳቸው አውቀው ይሄዱ ነበር። አላልኳቸውም። እስር ቤት ታየኝ፣ እማዬ ብቻዋን ታየችኝ። ደረጃውን ሲወርዱ ሰማሁ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ባለጥብጣቡ ግን አልፈራም። የወረቀት መክፈቻውን ቢላ በክብሪት አሙቆ በሰሙ ሥር አስገባና ማኅተሙን ሳይሰብር አነሳው። ጥብጣቡን ፈታ። ሁለተኛውን ገጽ መዘዘና ለብቻው አስቀመጠው። ሁለቱ መሪዎች የፈረሙበት አምስተኛው ገጽ ንቅንቅ አላለም።

"አዲስ ወረቀት አስገቢ" አለኝ።

"ተፈርሞበታል እኮ" አልኩት።

"የተፈረመው አምስተኛው ገጽ ነው።"

"ማርሻሉ አይጠየቁም? እሳቸው ሳያውቁ..."

"ምን ብዬ ልጠይቃቸው?"

"የድልድዩ ጊዜ እኮ ቀን እንኳ የሚነካ አልተገኘም። በሳንቃ ነው የተሻገሩት።"

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ይልቅ ያዘነልኝ መሰለኝ፣ እሱ ነው ያንገበገበኝ። "ድልድዩ ዛሬ ተመረቀ ነገ ተመረቀ ለሳቸው ምናቸው ነው? ይሄን ግን እሳቸው አይፈልጉትም። ፕሬዚዳንቱም አይፈልጉትም። ሁለቱ በአሥራ ሁለት ቀን ከልባቸው የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው፤ ሰባትና ሦስቱ ለጋዜጣ ነው። ሁለቱም ያልፈለጉትን ነገር የጻፍሽው አንቺ ብቻ ነሽ" አለኝ።

መነጽራሟ ሴትዮ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

እምቢ ማለት ነበረብኝ ትሉኝ ይሆናል። ብል ምን ይመጣል? ሦስት ሌሎች ታይፒስቶች ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ እውነት ነው፣ ግን ማታ ማታ አያስተኛም። ወረቀቱን አስገባሁ። በአየር ላይ፣ በውሃ ውስጥ። እዚያ ስደርስ ጣቴ ወደለመደው ሊሄድ ፈለገ፤ ያዝኩት። አሥራ ሁለት ደቂቃ። አንዲት ፊደል አልሳትኩም። በዕድሜዬ እንደዚያ ንጹሕ ገጽ ጽፌ አላውቅም።

ጋሼ ስለሌሉ ባለጥብጣቡ ራሱ አነበበልኝ፣ ነጠላ ሰረዙን እየዘለለ። ሴትዮዋ ከነሱ ጽሑፍ ጋር አመሳከረች።

"ይስማማል" አለች።

"ይስማማል" አልኩ።

ጥብጣቡ ገባ፣ ሰሙ በክብሪት ሞቅ ተደርጎ ቦታው ተመለሰ። የወጣው ገጽ ጆንያው ውስጥ ገባ። አዳራሹ ውስጥ ገና ብርጭቆ ይጋጫል፤ ሁለቱ መሪዎች ምንም ሳያውቁ ግብዣ ላይ ናቸው።

"እጅሽ ይባረክ" አለኝ ባለጥብጣቡና ሌላ ወረቀት አስጨበጠኝ። ለጦሩ የሚላክ ትእዛዝ ነው። በአየር ላይ የሚደረገው ሙከራ በውል ስለቀረ ሥራው በሙሉ ወደ ምድር ውስጥ ይዞራል፤ ሦስት አዲስ ዋሻ ይከፈታል፤ የቆፋሪዎች ፈረቃ ከሁለት ወደ ሦስት ያድጋል፤ ፈቃድ የሚባል ለጊዜው ታግዷል። ቀኑን አየሁት። የተረቀቀው ከአራት ቀን በፊት ነው። እኔ "በምድር ውስጥ"ን ለስምንተኛ ጊዜ ስጽፍ ማለት ነው። ይህንንም ጻፍኩት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሹፌሩ መለሰኝ። መንገዱ ሰው በሰው ነው፤ ባንዲራ የያዘ፣ የማያውቀውን የሚያቅፍ፣ በቆመ መኪና ላይ ወጥቶ የሚዘፍን። ሹፌሩ ጡሩንባውን እየነፋ "ደስ አይልም እህቴ?" ይለኛል። "ደስ ይላል" አልኩት። ሕዝቡ ምን ያድርግ፣ ራዲዮኑ ቆመ አለው፣ ቆመ ብሎ ወጣ።

ጠዋት በመስኮት ያጮለቁት ጎረቤቶች አሁን ደጃችን ላይ ናቸው። "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ እናንተ ናችሁ የሠራችሁት" ይሉኛል፤ አንዷ ጉንጬን ሳመችኝ። በመሃላቸው ሰንጥቄ ገባሁ። እማዬ የወንድሜን ፍራሽ ከነትራሱ አውጥታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ዘርግታዋለች፣ በዱላ እየመታች አቧራውን ታራግፋለች። በሰባ ዓመቷ ጉንጯ ቀልቷል። ስታየኝ ዱላውን ጣለች።

"መቼ ይመጣል አሉሽ?"

"አይመጣም እማዬ።"

"ቆመ አለ እኮ ራዲዮኑ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

"በአየር ላይ ያለው ነው የቆመው። የምድር ውስጡ አልቆመም።"

"ተጽፏል ብለሽኝ አልነበር? ጠዋት እዚህ በር ላይ።"

"ተጽፎ ነበር። ተፈርሞም ነበር።"

"ታዲያ የት ሄደ?"

ልነግራት የምችለው ብዙ ነበረ። ማርሻሉን ማንሳት እችላለሁ፣ ሰባትና ሦስትን፣ ባለጥብጣቡን፣ ያችን መነጽራም። ሁሉም እውነት ነው። ግን ጋሼ ደረጃውን ሲወርዱ የሰማሁት ኮቴ አብሮኝ መጥቶ ነበር፣ በአንድ ቀን ሁለተኛ ሰው ፊት ዝም ማለት አቃተኝ።

"እኔ ነኝ ያወጣሁት" አልኳት። "አዲስ ገጽ ጻፊ አሉኝ፣ ጻፍኩላቸው።"

እማዬ ስለ ገጽ አታውቅም፣ ስለ ጥብጣብ አታውቅም፣ መሪ ከመሪ ጋር ምን እንደሚጨቃጨቅ አታውቅም። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ፍራሹ ዳር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ወንድምሽ ምን አድርጎሽ ነው?" አለችኝ።